ብረቱ አንድ ቀን፣ ውሃው በየቀኑ

ቤት የሚያድስ ሰው አንዳንዴ የድሮ ነገር ያምረዋል። የጣውላ ወለል፣ ባለ መዝጊያ መስኮት፣ በእጅ የተሠራ በር... አምሮቱ ሲብስበት ደግሞ ባለ አራት እግሩን የብረት መታጠቢያ ገንዳ ይመኛል። ከሚፈርስ አሮጌ ቤት ወይም ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ያገኘዋል፣ ተከራክሮ ይገዛዋል፣ ራሱን የሚያክከው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ነገር ማን ያነሳዋል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛም ጥያቄውን ተከትለን ስንሄድ ከአዲስ አበባ አውጥቶ ሰሜን ሸዋ ወሰደን፤ ደብረ ብርሃንን አሳልፎ አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ አቆመን። በሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በአንኮበር «ማን ያነሳዋል?» የቤት እድሳት ጥያቄ አልነበረም፤ የመንግሥት ጉዳይ ነበር። መልሱ ደግሞ ከባዱ ዕቃ ምንም ይሁን ምን ያው አንድ ነው። ሰው!

በመጀመሪያ ሂሳቡን

የድሮው ገንዳ ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የፈሰሰ ነው። ባዶውን ከ130 እስከ 180 ኪሎ ይመዝናል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው አክሪሊክ የሚባለው የፕላስቲክ ዘመድ 30 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አንድ ጎረምሳ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶት ደረጃ ይወጣል። ብረቱ ግን ቢያንስ አራት ጎልማሳ ይፈልጋል፤ ደረጃ ካለ ስድስት።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ያስበዋል። የማይታሰበው ውሃው ነው። ገንዳው ደህና አድርጎ ለመታጠብ በሚበቃ መጠን ሲሞላ 150 ሊትር ያህል ይይዛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። እንግዲህ 150 ኪሎ ብረት ላይ 150 ኪሎ ውሃ ተጫነ ማለት ነው።

አሁን ልብ በሉ። ብረቱ ቤት የሚገባው አንድ ቀን ነው። ውሃው ግን በታጠባችሁ ቁጥር እንደ አዲስ ይመጣል። በእያንዳንዱ መታጠብ የገንዳውን ያህል የሚከብድ ሌላ ሸክም ወደ ቤታችሁ ይገባል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሰባት ተኩል ጀሪካን መሆኑ ነው። ቧንቧ ያለው ሰው ይህ ትዝ አይለውም። ቧንቧ በሌለበት ግን ያንን ክብደት የሚሸከም ጀርባ ያለው ሰው አለ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ጀርባ ነው።

ከከብት ማጠጫ እስከ ባኞ

ስለ ዕቃው ትንሽ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1883 አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ሺቦይጋን በምትባል ከተማ የእርሻ መሣሪያ ያመርት የነበረው ጆን ማይክል ኮለር አንድ የብረት የከብት ማጠጫ ገንዳ ወሰደና ኢናሜል አለበሰው። (ኢናሜል ማለት ያ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው ነጭ የቆርቆሮ ሳህን የሚለብሰው ነገር ነው።) ከዚያ ሰው ከፈለገ አራት እግር ተጨምሮለት ለገላ መታጠቢያ ይሆናል ብሎ ለገበያ አቀረበው። ዛሬ እንደ ቅርስ የምንመኘው ዕቃ ዘሩ ሲቆጠር ከበረት ነው የሚገናኘው! በዚያው በ1880ዎቹ ኢናሜልን ከብረት ጋር የማጣበቁን ዘዴ ካሻሻሉት አንዱ ዴቪድ ቢዩክ ይባላል። ሰውየው የገንዳውን ሥራ ሸጦ ወደ ሞተር ዞረ፤ ቢዩክ የሚባለው መኪና በእሱ ስም የተጠራ ነው።

እኛ ጋ ገንዳው «ባኞ» ይባላል። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው። ላቫንዲኖውም፣ ሲፎኑም ከዚያው ነው የመጡት። ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር አሥር ደቂቃ ያወራ ሰው ሳያውቀው ጣሊያንኛ ተምሮ ይወጣል።

ኮለር ገንዳውን ሲሸጥ በእኛ አቆጣጠር 1875 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አገር የሚገዙት ከተራራ ላይ ነበር። እስቲ ያ ገንዳ በዚያ ዘመን ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ ወደ ሸዋ ይመጣል እንበል። በምን ይመጣ ነበር?

ግመል የሚቆምበት

መልሱን ለማግኘት ብዙ መገመት አያስፈልግም፤ የሚመሳሰል ጉዞ ተደርጓል። በ1833 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 1841) ካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከታጁራ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ጠመንጃ ይዟል፣ መድፍ ይዟል፣ ሌላም ብዙ ገጸ በረከት ይዟል። በበረሃው ሸክሙ የግመል ነበር። ሸዋ ተራራ ሥር ሲደርስ ግን ነገር ተለወጠ። ግመል ዳገት አይወድም። የአፋር ነጋዴ አሞሌውን ጭኖ የሚመጣው እስከ ተራራው ግርጌ፣ እስከ ፋሬና አልዩ አምባ ገበያ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ሽቅብ የበቅሎ፣ የአህያና የሰው ነው። የእንግሊዞቹንም ዕቃ ሽቅብ ያወጣው የአካባቢው ባላገር ነበር፤ በትዕዛዝ ተሰብስቦ፣ በትከሻው።

ሃሪስ ከሸዋ መልስ ስለ ጉዞው ወፍራም መጽሐፍ ጽፏል። ንጉሡና ልዑኩ በኅዳር 1834 ዓ.ም. የተፈራረሙት የወዳጅነትና የንግድ ውልም በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ አለው። ሳጥኑን አንኮበር ያደረሱት ሰዎች ግን ስም የላቸውም። ቢሆንም ቢያንስ ተጠቅሰዋል፤ የእነሱ ሸክም እንግዳ ነገር ነበርና ለማየት ሰው ይወጣ ነበር። ከባድ ዕቃ አንድ ቀን ሲያልፍ ወሬ ይሆናል።

በየቀኑ የሚያልፈውስ?

አንኮበር አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቤተ መንግሥቱ ከኮረብታው ጫፍ፣ ውሃው ከታች ከምንጩና ከጅረቱ። በዚያ ዘመን አንኮበርን ያዩ አውሮፓውያን ከጻፉት ውስጥ ወደ ግቢው ውሃ የሚያመላልሱት ሴት ባሮች ይገኙበታል፤ እንስራ ተሸክመው፣ ተሰልፈው፣ ዘበኛ ተከትሏቸው። ለምግቡ፣ ለጠላና ለጠጁ፣ ለእጅና ለእግር መታጠቢያው የሚያስፈልገው ውሃ በሙሉ በሴቶች ጀርባ ወጣ። ኮረብታው ላይ የብረት ገንዳ ቢኖር ኖሮ እሱንም ሞልተው የሚያጥቡት እነሱ ነበሩ።

ውሃው ደግሞ መሞቅ አለበት። ደብረ ብርሃንና አንኮበር ማለት ቆፈን ማለት ነው። (ብርድ ልብስ ፋብሪካ ደብረ ብርሃን ላይ መተከሉን ልብ ይሏል!) 150 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለገላ እስኪስማማ በሦስት ጉልቻ ለማሞቅ በእኛ ግምት ከስምንት ኪሎ የማያንስ ደረቅ እንጨት ይነዳል። ያ እንጨትስ በማን ጀርባ መጣ? መልሱ ያው ነው።

የተጣለው ወፍጮ

በሣህለ ሥላሴ ዘመን ስለሆነ አንድ ሌላ ነገር እናውራ። ከወደ አልባኒያ የመጣ ድሜጥሮስ የሚባል ግንበኛ ለንጉሡ በውሃ ኃይል የሚሠራ ወፍጮ ሠርቶላቸው ነበር። የወፍጮ ድንጋይ እንደ ብረት ገንዳ ነው፤ አንዴ ተሸክመህ፣ አስተካክለህ ካስቀመጥከው በኋላ ሥራውን ውሃው ይሠራልሃል። ወፍጮው መፍጨት ጀመረ። ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው አሉ፤ ወፍጮውም ሳይቆይ ተተወ።

ይህን ታሪክ ስንሰማ «ኋላ ቀርነት» ብለን ስቀን እናልፋለን። እኛ ግን ሌላ ነገር እንጠይቅ። ወፍጮው ሲቆም ማን ተጎዳ? ንጉሡ እንጀራ አልቀረባቸውም። ካህናቱም ድግስ አልጎደለባቸውም። እህሉን ሌሊት ተነስታ በድንጋይ የምትፈጨው ሴት በማግሥቱም ተነስታ ፈጨች። የሚያወግዙት ሰዎች ፈጪዎች ቢሆኑ ኖሮ ሰይጣኑን ለማባረር እንዲህ የሚቸኩሉ አይመስለንም። የዕለት ሸክምን ለማቅለል ያልተቸኮለው ሸክሙ የማን እንደሆነ ስለታወቀ ነው።

የአንድ ቀን ሸክምስ? ለእሱ አገር ይነሳል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን አስቡት፤ 70 ኩንታል ይመዝናል የሚባለው መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄድ መንገድ እየተጠረገለት፣ በመቶዎች እየተጎተተ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ግማሽ ዓመት ፈጀ። ጦርነቱ ላይ የፈየደው ነገር የለም። ዝናው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ፤ አዲስ አበባ መሀል አምሳያው ቆሞለታል። በነዚያ ስድስት ወራት ለዚያ ሁሉ ጎታች ውሃ የቀዳችለት ሴት ሐውልት የት አለ? እኛ አላየንም።

ሰው ወደ ውሃ፣ ውሃ ወደ ሰው

ልጅ ምኒልክን ከሸዋ ወደ መቅደላ የወሰዷቸው እኚሁ ቴዎድሮስ ነበሩ። አሥር ዓመት ያህል እዚያ ቆይተው በ1857 ዓ.ም. አምልጠው አንኮበር ገቡ። ሲነግሡ ግን ተራራው ላይ አልቀሩም። ወደ ደቡብ እየገፉ እንጦጦ ደረሱ፤ እንጦጦም ያው ብርድ፣ ያው ዳገት። መፍትሔው የተገኘው ከታች፣ ፍልውሃ ነው። ቤተ መንግሥቱ ለመታጠብ እየወረደ ይሰፍር ጀመር፤ እቴጌ ጣይቱም ቦታውን ወደዱት፣ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለች።

ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው መታጠቢያ አጠገብ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። እንደ ቤት እድሳት ካየነው ደግሞ እጅግ ብልህ እድሳት ነው። ውሃውን ሽቅብ ከመሸከም ሰውዬው ቁልቁል ወረደ! ማሞቂያውንም መሬት ራሷ ቻለችው፤ እንጨት የለ፣ እንስራ የለ። ፍልውሃ የአዲስ አበቤ መታጠቢያ ሆኖ የኖረውም ለዚህ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ግን እዚያም ቢሆን የተሠራው ኮረብታ ላይ ነው፤ ንጉሥ ከፍታ ይወዳል። አሁን አልፍሬድ ኢልግ ይመጣል። ይህ የስዊስ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ነበር የደረሰው፤ ብዙ ነገር ሲሞክር ከርሞ በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ወደ ግቢው የውሃ ቧንቧ ዘረጋ። ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ ያ ቧንቧ ከባሕር ጠረፍ የመጣው በእንስሳት ጀርባና በሰው ትከሻ ነው። ውሃው ከእንጦጦ ወርዶ፣ ሸለቆውን አልፎ፣ ኮረብታውን ሽቅብ ሲወጣ አገሬው ጉድ አለ። ምሥጢሩ ቀላል ነበር፤ ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ ስለሆነ የራሱ ክብደት ይገፋዋል። የውሃን ክብደት ሰው ሲሸከመው እንዳልኖረ ውሃው ራሱን ተሸክሞ መጣ።

እንግዲህ ይህ ነው ትልቁ ቀን። ከዚህ በኋላ ለመጣው ከባድ ዕቃ ሁሉ ሰው ወጥቶ አይቷል። በ1896/97 ዓ.ም. ገደማ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ እስከ ዛሬ ይታወሳል። የብረት ገንዳም በበኩሉ ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ መምጣቱ ቀለለ። ሁሉም ግን ከዚያ ቧንቧ በኋላ ነው። ውሃው ሳይደርስ የሚደርስ ገንዳ ትልቅ ሳፋ ነው፤ የሚሞላው ሰው ይፈልጋል።

ማየት ለሚፈልግ ስድስት ኪሎ ቅርብ ነው። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሲከፈት ሕንጻው ለትምህርት ተሰጠ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው እዚያ ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል ለጎብኚ ይታያል። ሰው ገብቶ ገንዳውን አይቶ «ንጉሥም ይታጠባል ለካ!» ብሎ ይወጣል። በሚቀጥለው ስትሄዱ ገንዳውን ተዉትና ቧንቧውን እዩት። በሣህለ ሥላሴና በኃይለ ሥላሴ መታጠቢያ መካከል ያለው ልዩነት ግድግዳ ውስጥ ተደብቋል።

ወደ እናንተ ገንዳ እንመለስ

ይህን ሁሉ አንብባችሁ አሁንም ገንዳውን ከፈለጋችሁ (እኛም እንፈልጋለን!) ከታሪኩ የምንማረው ቅደም ተከተል አለ። ገንዳው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ውሃ። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ከሆነ ጣሪያ ላይ ሮቶ ያስፈልጋል፤ 500 ሊትር ሮቶ ሦስት ጊዜ ገንዳ ሞልቶ ያልቃል፤ ወጥ ሳይሠራ፣ ልብስ ሳይታጠብ። ቦይለሩንም አስቡት። 50 ሊትር ቦይለር በ65 ዲግሪ ያሞቀው ውሃ ከቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል ለገላ የሚሆን 100 ሊትር ያህል ይወጣዋል፤ ገንዳው አይሞላም። 80 ሊትሩ ይበቃል። ብረቱ መጀመሪያ ላይ ሙቀት ይሰርቃል፤ በደብረ ብርሃን ጠዋት ገንዳው ራሱ ወደ 3 ዲግሪ ያህል ከውሃው ይወስዳል። በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ የሚወደደውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ወለል። ብረት 150፣ ውሃ 150፣ ሰው 70፤ 370 ኪሎ በአራት እግር ሲካፈል እያንዳንዱ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ 92 ኪሎ ያርፋል። የድሮ የጣውላ ወለል ከሆነ ከሥር ያለው አግዳሚ እንጨት አለመበስበሱን ጣውላውን አንስቶ ማየት ነው፤ ብስባሹ አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ውሃ መውረጃ አጠገብ ይገኛል። ገንዳው አግዳሚዎቹን ተሻግሮ፣ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ። ፎቅ ላይ ከሆነ መሐንዲስ ሳይጠይቁ አይሆንም።

ከዚያ መውረጃው። ለእያንዳንዱ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት፣ ሽታ የሚከለክል ሲፎን፣ ነገ ሲደፈን እጅ የሚገባበት ክፍተት። ሴራሚኩ ከመዘጋቱ በፊት ገንዳውን አፉ ድረስ ሞልታችሁ አሳድሩት። የሚያፈስ ከሆነ ሌሊቱን ይናገራል።

መጨረሻ ላይ ሸክሙ። እግሮቹ ይፈቱ፣ የክፍሉ በር ከማጠፊያው ይነቀል፣ የመንገዱ ጥበት አስቀድሞ በሜትር ይለካ። ገንዳው በወፍራም ብርድ ልብስ ይጠቅለል (የደብረ ብርሃን ቢሆን ደስ ይለናል)፤ ኢናሜሉ አንዴ ከተፈለጠ ዝገት ይገባበታልና። ደረጃ ላይ ትዕዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ከተቀመጠ በኋላ በውሃ ልክ ይስተካከል።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሶፋ ያስወጣ ሰው ጫኝና አውራጅ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ሁላችንም ዋጋው በዛ ብለን እናማርራለን። ይብዛም ይነስም እነዚያ ልጆች ዋጋ ይናገራሉ፣ እምቢ ካልን ትተውን ይሄዳሉ። የአልዩ አምባው ባላገር ዋጋ አልተጠየቀም። የአንኮበሯ ውሃ ቀጂም እምቢ የምትልበት መንገድ አልነበራትም። ስንከራከር ይህ ልዩነት ትዝ ቢለን ጥሩ ነው።

አንኮበር ዛሬ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይኬድባታል። ከድሮው ቤተ መንግሥት የቀረው ጥቂት የግንብ ቅሪት ቢሆንም ኮረብታው ላይ አምሳያው ተሠርቶ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። የመጨረሻው ዳገት ግን አሁንም የእግር ነው፤ ሻንጣ በሰው ይወጣል። እንግዳው ይወጣል፣ ሻወር ይወስዳል፣ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል አፋርን እያየ ፎቶ ይነሳል።

ከዚያ ኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ መንገዱም ማየት ነው። ቢጫ ጀሪካን ያዘለች ልጅ ማየት በአገራችን ገጠር ብርቅ አይደለም። ሰባት ጊዜ ከተመላለሰች የአንድ ሰው ገንዳ ልትሞላ ትንሽ ይቀራታል። የእሷ ቤት እድሳት የሚጀምረው ከቧንቧው ነው፤ ያ ደግሞ በቤት ባለቤት አቅም ብቻ የሚዘረጋ አይደለም። ኢልግ ቧንቧውን ለግቢው ካደረሰ 130 ዓመት አልፏል። ያን ጊዜ ጉድ ያሰኘው ነገር ዛሬ ለእሷ ደጅ ቢደርስ ማንም ጉድ አይልም። ደጇ አለመድረሱም ጉድ አለማሰኘቱ ነው እኛን የሚከብደን።